ለአርባ ካሚዮን የሚሆን ሜዳ

ማንጠግቦሽ ያን ዕለት ጧት ከአጥሯ ሥር ሆና የሰማችው ይህንን ነበር። አንደኛው ችካል ተካይ፣ «ካሚዮኖቹ ተጣበው ነው አሉ የሚያድሩ። የካፒቴኑን አንጀት በልተውታል» አለ። ሁለተኛው የችካሉን ራስ በድንጋይ እየቀጠቀጠ፣ «እንዴት አይበሉት! ጎማቸውን የሚዘረጉበት እንኳ የላቸው» ሲል መለሰለት። ሁለቱም አልሳቁም። ቀልድ ቢሆን ኖሮ ማንጠግቦሽም አንድ ቃል ጣል አድርጋ ባሳቀቻቸው ነበር። ግን ችካሉ የሚቀጠቀጠው ከእሷው ጓሮ፣ ለገና ጾም ብላ ካሳደገችው ጎመን መሐል ነው። ራሱ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። እንዲህ ያለ ባለቀይ ራስ ችካል ከተተከለ በሦስተኛው ቀን ቤት እንደሚፈርስ በደብረ ማርቆስ ያለ ውሻ ሁሉ ያውቃል፤ ከችካሉ ሥር እግሩን የሚያነሣውም ስለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ጥልያን ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ካፒቴኑ ከሚያዝበት የጥልያን ምሽግ፣ ከፎርቱ ግርጌ፣ የደጀን መንገድ ከተማውን በሚነካበት ላይ የካሚዮን ማቆሚያ አለ። ማቆሚያ ማለት በጠጠር የተደለደለ፣ ሰው እንዳይረግጠው በሽቦ የታጠረ ሜዳ ነው። አምና ለዚህ ሜዳ ሲባል አሥራ ሁለት ቤት ፈርሷል። ዛሬ በሜዳው ላይ የቆሙት ካሚዮኖች ሦስት ናቸው። ከሦስቱም አንዱ ከፋሲካ ወዲህ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ የዘበኛው ዶሮዎች ሥሩ ገብተው እንቁላል ይጥሉበታል። የቀረው ሜዳ ፀሐይ ይሞቃል። ታዲያ ምኑ ነው የጠበባቸው ያለ እንደሆነ፣ አርባ ካሚዮን ይመጣል ተብሎ በወረቀት ተጽፏል። የመጣው ካሚዮን ጠጠር ላይ ይቆማል፤ ያልመጣው ደግሞ ሰው ቤት ላይ ይቆማል። ስለዚህም ከሽቦው ጎን የነበሩት ሰባት ግቢዎች ሁሉ በዚያች ጧት ችካል በቀሉ።

ከሰባቱ ለሽቦው የሚቀርበው የማንጠግቦሽ ግቢ ነው፤ እሷም ይህን እንደ ሹመት ነበር የምትቆጥረው። ካሚዮን የሚነሣበት ቀን አይታወቅም። አርበኛው መንገዱን የቆረጠ ዕለት አይሄድም፤ ሾፌሩን ራሱን ያመመው ዕለት አይሄድም፤ ካፒቴኑ ወይን ጠጅ የመጣለት ዕለትም አይሄድም። ሲሄድ ደግሞ ገና ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ይነፋና ይነሣል። ስለዚህ ከይጁቤ ቅቤ ይዞ የመጣው፣ ከሮብ ገበያ በግ ሸጦ አዲስ አበባ ልጁን ሊጠይቅ የተነሣው፣ ከጉንደ ወይን የታመመ ይዞ የወረደው ሁሉ ጥሩምባው ከሚሰማበት ማደር አለበት። ሳምንት የሚያድር አለ፤ ሦስት ሳምንት የሚያድርም አለ። ማንጠግቦሽ ባሏ ሲሞት ከአንድ ትልቅ ቤትና ከአንድ የበቅሎ ጋጣ በቀር የተወላት አልነበረም። ቤቱን በሸንበቆ አምስት ላይ ከፈለችው። ከግድግዳው ጥግ ሁለት ዛኒጋባ አስደገፈች። ከምድጃው በላይ ቆጥ ሰቀለች፤ ቆጡ ላይ ያደረ ሰው ጧት እንደ ቋንጣ ጢስ ጢስ እየሸተተ ይወርዳል፣ ግን አይበርደውም። መደብ ለአንድ ሌሊት አንድ ሊሬ ነው። ወለል ግማሽ ሊሬ። ቆጡ አንድ ቁና ገብስ። ምንም የሌለው ጋጣው ውስጥ ካሚዮን ከሚጠብቁ አንድ መሪጌታ በቅሎ ጋር ያድራል፤ እሱ ለነፍሷ ነው። እግር የሚዘረጋበት ቦታ አልነበረም፤ ሰው ተጣጥፎ ነበር የሚያድረው። ቢሆንም ሌላው ሰው ሲገላበጥ አብሮ መገላበጥ በሁለተኛው ሌሊት ይለመዳል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ያለበት ግቢ እንዴት ለችካል ተሰጠ? ጥፋቱ የማንጠግቦሽ ነው፤ እሷ ግን ይህን ለመናገር አትቸኩልም። መስከረም ላይ ከፎርቱ መጽሐፍ የያዘ ሰው መጥቶ በየግቢው፣ «እዚህ ስንት ነፍስ ያድራል?» እያለ ጠይቆ ነበር። ክርስቲያን የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዴት ይመልሳል? ልጅ አይቆጠርም፤ ከብት አይቆጠርም፤ የንብ ቀፎ እንኳ ከተቆጠረ ንቡ ይሰደዳል። የተቆጠረ ነገር ወይ ዓይን ይበላዋል፣ ወይ ገባር ይሆናል። ማንጠግቦሽ አርባ ሰው ከኋላዋ እያስነጠሰ፣ «እኔና ድመቴ» አለችው። ጎረቤቷ የብርጓል የስድስት ልጆች እናት ናት፤ እናቷንም ትጦራለች፤ «አንድ ሁለት ሳንሆን አንቀርም» አለች። ሸማኔው ፈንታ አሥራ አንድ ቤተሰብ አለው፤ «እሱ እግዜር ያውቃል» አለ። ጸሐፊው እግዜርን ሄዶ ሊጠይቅ አይችልምና «ምንም» ብሎ ጻፈ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ የማንጠግቦሽ ግቢ አንድ ሰው፣ የቀሩት ስድስቱ ግቢዎች ተጠቃለው ስምንት ሰው ሆኑ። መጽሐፉን ላየማ ካፒቴኑ ምን አጠፋ? ዘጠኝ ሰው በዚያ ሁሉ ቦታ ላይ ተንፈላሶ ሲኖር አርባ ካሚዮን በአንድ ሜዳ ተጨናንቆ ያያል። ሰው ቢሆን ያዝናል።

ያን መጽሐፍ ይዞ የመጣውም ባዕድ አልነበረም። ፍቅረ ሥላሴ የሟች እህቷ ልጅ ነው። ጡት ከጣለ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ቅኔ ቤትም ስንቅ እያቀበለች ሁለት ዓመት ያስተማረችው እሷ ናት። ልጁ ከቅኔው ይልቅ የጥልያን አፍ ቀለለውና አሁን በፎርቱ ጸሐፊም አስተርጓሚም ሆኗል። ከሆነ ወዲህ ወደ ቤቷ ብዙ አይመጣም። ሲመጣ ደግሞ አንድ ኪሎ ስኳር ከመደቡ ጫፍ ያስቀምጥና ስለ ዝናቡ ያወራል። እሷም ስለ ዝናቡ ትመልስለታለች። በሁለቱ መካከል ከዝናብ ሌላ የሚወራ ነገር ከጠፋ ሰነበተ።

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አጣፋች፤ ፊቷን ታጠበች፤ ወደ ፎርቱ ወጣች። የፍቅረ ሥላሴ ክፍል ድሮ የአንድ ባላባት የፈረስ ኮርቻ ማስቀመጫ ነበር፤ አሁን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና ግድግዳው ላይ የንጉሣቸው ሥዕል አለበት። ሲያያት ብድግ አለ። ወንበሩን ሊሰጣት እጁን ላከና ወደ ውስጠኛው በር አይቶ መልሶ ሰበሰበው። ካፒቴኑ በሩ ገርበብ ብሎ ውስጥ ተቀምጧል።

«እንዴት አደሩ፣ እሜቴ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ችካል ታቅፌ አደርሁ።»

ብዕሩን ከቀለሙ ነከረ፤ የሚጽፈው ግን አልነበረውም፤ ጠብታው ወረቀቱ ላይ ወደቀ።

«መጽሐፉ አንድ ሰው ነው የሚለው» አለ በመጨረሻ። «እርስዎ ራስዎ ነዎት የነገሩኝ።»

«ድመቷስ?»

«ድመት አይጻፍም።»

«አንተስ ግቢዬን አታውቀውም? ሳምባህን አሞህ የተኛኸው የት ነበር? ከሦስት እንግዳ መሐል አልነበረም?»

«እኔ የማውቀውን አይደለም የምጽፍ፤ የተባልኩትን ነው» አለና ድምፁን የባሰ ዝቅ አደረገ። «እሜቴ፣ ከወይራው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ምትክ ቦታ ተመድቧል። ለዘጠኝ ሰው ነው። የእርስዎን ጥሩውን ዳር አስይዤልዎታለሁ፤ ለአንድ ሰው ይበቃል። ዝም ብለው ይቀበሉኝ።»

«ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታማ አለኝ። ማርቆስ ደጅ፣ ከባሌ ጎን» አለች ማንጠግቦሽ። «እዚያ እስክገባ ድረስ ግን የእኔ ቤት ሰው ማሳደሪያ ነው። ዳገት ላይ ወጥቼ ማንን ላሳድር? ጥሩምባ የማይሰማበት ቦታ ሊሬ ከፍሎ የሚተኛ ሞኝ የት አለ? ይልቅስ ልቆጠር። ያ ካፒቴንህ ይምጣና በግቢዬ ያለውን ነፍስ ሁሉ ይቁጠር።»

ፍቅረ ሥላሴ ቀና ብሎ አያት። በልጅነቱ፣ ባዶ ማጀት ስታይ ያየውን ፊቷን ዛሬም አየው መሰለኝ፣ ቶሎ ዓይኑን ሰበረ።

«ይቅርብዎ። ሰው ማስቆጠር ማቆሚያ የለውም።»

«ያልመጣ ካሚዮን ቆጥራችሁ የለም እንዴ! የመጣ ሰው መቁጠር ነው የከበዳችሁ?»

እንዲህ ስትል «ድምፄን አላነሣሁም» ብላ ኋላ ትምላለች፤ ግን ካፒቴኑ ከውስጥ ሆኖ ምን ነገር ነው ብሎ ጮኸ። ፍቅረ ሥላሴ ገባ። ቆየ። ሲወጣ፣ «ከቀትር በኋላ ይመጣል» አላት። ከኋላዋ ሌላ ቃል ሊጨምር አፉን ከፍቶ ነበር፤ እሷ ግን መንገድ ጀምራለች።

ሰው ለመቆጠር እሺ ይላል ብላ ማሰቧ የእሷ ሞኝነት ነው። ግቢው መሐል ቆማ ነገሩን ስትነግራቸው ገሚሱ መርገም የጣለችበት መሰለው። የይጁቤዋ አይናዲስ ሁለቱን ሕፃናቷን ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠች። ባሏ ለመንገድ ሥራ ተወስዶ የት እንደደረሰ ልትጠይቅ ነው የምትሄደው፤ «ባሌን የወሰዱት መጀመሪያ ቆጥረው ነው» አለች። የሮብ ገበያው አስማማው፣ አንገተ ወፍራም በግ ነጋዴ፣ «እኔ ዛሬ ገበያ ወጥቼ የማልገኝ ሰው ነኝ» ብሎ ወደ በሩ መንገድ ጀመረ።

«አስማማው!» አለችው ማንጠግቦሽ። «የሠላሳ ሌሊት ወለል አለብህ። ሁለቱን እግርህን እዚያው ተክለህ ጠብቀኝ።»

«ኧረ እሜቴ፣ ለዕዳ ከሆነ አንዱን ጠቦት ይውሰዱና ይተዉኝ።»

«ጠቦትህ ጣራ ይሆነኛል? ነገ ጣራ ከሌለኝ ማን ዘንድ ነው ውርጭ የምትሸሽ? የካሚዮኑ ዘበኛ ዶሮዎች ዘንድ?»

ሰው ትንሽ ሳቀ። ሳቁን የቆረጠው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። መሪጌታ ካሚዮን መጠበቅ ከጀመሩ ሃያ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ በቅሏቸውን ሽጠው ለመሳፈር አስበው፣ በቅሎዋን ስለሚወዷት ደግሞ ሳይሸጧት፣ ካሚዮኑም ሳይሄድ፣ ራሳቸውንም በቅሎዋንም እየቀለቡ አሉ። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «ዳዊት እስራኤልን አስቆጠረ» አሉ። «ንጉሥ ነበረ። እግዚአብሔር የሚወደው ሰው ነበረ። ሕዝቡን በማስቆጠሩ በሦስት ቀን ቸነፈር ሰባ ሺህ ሰው አለቀ። አንቺ ደግሞ እንኳን ዳዊት ሚስቱ አቢግያም አይደለሽ።»

«የኔታ፣ ዳዊት ያስቆጠረ ለጦር ነው። እኔ የማስቆጥር ለጣራ ነው።»

«መቁጠር መቁጠር ነው።»

«እንግዲያው ሳይቆጠሩ የሚቆጠሩበትን መንገድ እርስዎ ያውጡ። ያን ሁሉ ዓመት የተማሩት ለምን ሊሆን ነው? በቅሎ ለመቀለብ ነው?»

መሪጌታ ተቆጡ። ቁጣቸውን ለማብረድም ጋጣው ውስጥ ገብተው ዳዊታቸውን ደገሙ። ሲወጡ ግን ነገሩን አግኝተውት ነበር። ሰው አይቆጠር፤ እያንዳንዱ ሰው በእጁ አንድ ፍሬ ባቄላ ይያዝና እወንፊት ላይ ይጣል፤ ካፒቴኑ ባቄላውን ይቁጠር። ባቄላ መቁጠር ኃጢአት መሆኑ የተጻፈበት መጽሐፍ የለም፤ ቸነፈሩም ቢመጣ ባቄላው ላይ ይውረድ። ይህን የሰማ ሁሉ ደስ አለው። አስማማው እንኳ ተመልሶ ተቀመጠ። ማንጠግቦሽ ለዘር ያስቀመጠችውን ባቄላ ከጎታዋ ጨልፋ ለእያንዳንዱ በመዳፉ ሰጠች፤ ስትሰጥም ዓይኗን ወደ ሰማይ አንጋጣ ነበር፣ ሳታስበው እንዳትቆጥር።

ካፒቴኑ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል መጣ። ቀይ ፊቱ ላብ ይዞታል፤ ሁለት ወታደርና ፍቅረ ሥላሴ ተከትለውታል። የስድስቱ ግቢ ሰዎችም ነገሩ ምን እንደሆነ ሊያዩ በአጥሩ ዙሪያ ተሰበሰቡ። የብርጓል ከፊት ናት፤ ትንሹን በጀርባዋ አዝላለች፣ ሌሎቹ ቀሚሷን ይዘዋል። ማንጠግቦሽና የብርጓል የጣራ ውኃ ወደ ማን ግቢ ይውረድ በሚል ከተኳረፉ ሁለተኛ ክረምታቸው ነው፤ ዛሬም አልተያዩም። ሰዎቹ አንድ በአንድ እየወጡ ባቄላቸውን ወንፊቱ ላይ ጣሉ። ከመደብ ወጡ፤ ከወለል ወጡ፤ ከዛኒጋባው ወጡ፤ ከቆጡ ዐይናቸውን እያሹ ወረዱ። ካፒቴኑ መጀመሪያ ሰዓቱን አየ፤ ቀጥሎ ፍቅረ ሥላሴን አየ፤ ቀጥሎ ትኩር ብሎ በሩን ያይ ጀመር፤ ከጀርባ በኩል ዞረው እየገቡ እንደሆነ ወታደሩን ልኮ አስመረመረ። የሚዞር አልነበረም። በመጨረሻ መሪጌታ ባቄላቸውን ጣሉ፤ ለበቅሏቸውም አንድ ሊጥሉላት ሲሉ ማንጠግቦሽ እጃቸውን ያዘች። ካፒቴኑ ተንበርክኮ ቆጠረ። አርባ ሦስት። አርባ አራት መሆን ነበረበት፤ የአይናዲስ ታላቅ ልጅ ግን ባቄላዋን ቆርጥማ በልታዋለች።

ማንጠግቦሽ ለዚህ ጊዜ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ወደ ፊት ወጣች። «በለው» አለችው ፍቅረ ሥላሴን፤ «ካሚዮን የሚመጣው ሰውና የሰው ዕቃ ሊጭን ነው። ሰው እዚህ የሚያድረው ካሚዮን ሊሳፈር ነው። ሰውየውን ዳገት ላይ ሰድዶ ለካሚዮን መኝታ መደልደል ሙሽራይቱን ከደጅ አስቀርቶ ለበቅሎዋ ዳስ መጣል ነው። ከዚህ ግቢ ሰው ከጠፋ ካሚዮኑ የሚጭነው የራሱን ጥሩምባ ነው በለው። ሦስቱ ካሚዮን ባለበት ሜዳ ላይ ሠላሳ ቤት ቢሠራበት ሠላሳውም በአንድ ሳምንት ይሞላል፤ አርባው ካሚዮን ሲመጣ ያን ጊዜ እኔ ራሴ ተነሥቼ ከጎኔ አስተኛቸዋለሁ በለው።»

ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሰው «ይበል!» አለ። የብርጓል እንኳ ከንፈሯ ሊፈታ ሲል ያዘችው። ፍቅረ ሥላሴ ይህን ሁሉ በስድስት ቃል ተረጎመው። ማንጠግቦሽ የጥልያን አፍ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

ካፒቴኑ ግቢውን በእርምጃ ለካ፤ ሃያ ሁለት በአሥራ ስምንት። አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ እያንዳንዱን ክፍል ገብቶ አየ። የሸንበቆውን ክፍልፋይ ነቀነቀ። ቆጡን አንጋጦ አየ፤ በጣቱ እየጠቆመ ስንት ሰው እንደሚያድርበት ጠየቀ፤ አምስት ሲባል ፉጨት አፏጨ። ጋጣውን ሲያይ ሳቀ። ወጥቶም የማንጠግቦሽን ትከሻ መታ መታ አደረገ፤ እንዲህ ያደረገ ወንድ ከባሏ ሞት ወዲህ አልነበረም። መጽሐፉን አስመጣና ገለጠ፤ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ በፍጥነት፣ በደስታ፣ እጁን እያወናጨፈ ተናገረ። ማንጠግቦሽ ፊቱን አይታ ማሸነፏን ዐወቀች። ከአጥሩ ወዲያ ያሉትም ዐወቁ፤ አንዲት ሴት እልል ልትል አፏን ከፈተች።

ፍቅረ ሥላሴ ግን አልተረጎመም። ካፒቴኑ «ተናገር» በሚል ገፋ አደረገው።

«ካፒቴኑ በጣም ተደስቻለሁ ይላል» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ሰው በትንሽ ቦታ እንዴት ብዙ ሆኖ ማደር እንደሚችል እዚህ አየሁ ይላል። የእሜቴ ማንጠግቦሽ ግቢ አይፈርስም። ችካሉ ዛሬ ይነቀላል።» ወደ አጥሩ ዞረ። «አርባ ሦስት ሰው እዚህ ካደረ ስምንት ቢጨመር አይታወቅም ይላል። የስድስቱ ግቢ ሰዎች ስምንት ናቸው፤ ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚህ ይገባሉ። ቤታቸው ጧት ይነሣል። ከወይራው በላይ ያለው ምትክ ቦታ ከእንግዲህ ስለማያስፈልግ የቤንዚን በርሜል ይቀመጥበታል ይላል።»

እልል ልትል የነበረችው ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ስምንት! የብርጓል ብቻዋን ከነልጆቿና ከነእናቷ ስምንት ናት። ፈንታ ከነቤተሰቡ አሥራ አንድ ነው። ሌሎቹን አራቱን ግቢዎች ማንጠግቦሽ ታውቃቸዋለች፤ ክርስትና ያነሣችው አለ፣ ምጥ ይዟት ያዋለደቻት አለች። ስድሳ ቢሆኑ እንጂ አያንሱም። ካፒቴኑ ገና አልሄደም፤ መሐረቡን እያጣጠፈ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ይሰማል። ፍቅረ ሥላሴም ቀና ብሎ አያት፤ ንገሪኝና ልተርጉመው የሚል ይመስላል። የስድስቱ ግቢ ሰዎች ራሳቸው እንዳይናገሩ ለመንግሥት ዋሽተዋል፤ ለመንግሥት የዋሸ ሰው ጀርባው ምን እንደሚሆን አምና አይተዋል። ስለዚህ ሁሉም እሷን አዩ። ምላስ ያላት እሷ ናት፤ ለሊሬም ለመሪጌታም ለካፒቴንም ያልሰነፈ ምላስ ያላት እሷ ናት።

ማንጠግቦሽ ዝም አለች።

የሰው ልጅ በአደባባይ አይቆጠርም፤ ይህ እውነት ነው። ስድሳ ናቸው ካለች ደግሞ ለስድሳ ግቢዋ እንደማይበቃ ካፒቴኑ ያያል፤ ያን ጊዜ ሰባቱም በአንድነት ወደ ዳገቱ ይላካሉ፤ ችካሉም ተመልሶ ጎመኗ መሐል ይቆማል። ይህም እውነት ነው። ከሁለቱ የትኛው አፏን እንደያዘው እሷ ራሷን አልጠየቀችም። ልማድ ነው አለችውና አለፈች። ካፒቴኑም ሄደ።

ችካል ተካዮቹ መጥተው ከጎመኗ መሐል ነቀሉት። ነቅለውም ከየብርጓል በር ፊት ለፊት፣ ከበፊቱ አጠንክረው ተከሉት።

ወዲያው ዕቃ መግባት ጀመረ። ፈንታ የሽመና ዕቃውን በሁለት ጊዜ አመላለሰ፤ ሦስተኛ ሲመጣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ፣ ማንንም ሳያይ፣ «የት ልሁን?» አለ። ማንጠግቦሽ በእጇ ዛኒጋባውን አሳየችው። አይናዲስ ሕፃናቷን ሰብስባ ጥጓን ለቀቀች። አስማማው ምንም ሳይባል በጎቹን ከጋጣው አውጥቶ ከአጥሩ ሥር አሰረ፤ ራሱም ከእነሱ ጋር ሆነ። መሪጌታ ቆጥ ላይ ሊወጡ ሞክረው ጉልበታቸው እምቢ አለ። «ሰባ ሺህ» አሉ ለበቅሏቸው፤ ለሌላ ሰው አልተናገሩም። ቤቱ ከሞላ በኋላ ሰው መግባቱን አልተወም። ድስት ገባ፤ መሶብ ገባ፤ የታመመ ሽማግሌ በቃሬዛ ገባ። ማንጠግቦሽ አጎዛዋን ከራሷ መደብ ላይ አነሣች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንም ያልተኛበት መደብ ነው። አጎዛውን አወጣችና ከደጁ በር ሥር፣ ከድንጋዩ ላይ አነጠፈችው።

የብርጓል የመጣችው ከሁሉ ኋላ ነው። እንስራ አዝላለች፤ እናቷን በአንድ እጇ ትመራለች፤ ልጆቹ በቁመታቸው ተሰልፈው ከኋላዋ ናቸው። ፍቅረ ሥላሴ በበሩ ማዶ መጽሐፉን ከፍቶ፣ እርሳሱን ይዞ ቆሟል። የገባውን ሰው ቁጥር ለካፒቴኑ ዛሬውኑ ማድረስ አለበት። የብርጓል ከበሩ ላይ ቆመች። ሁለት ክረምት ያልተናገረቻትን ሴት ፊት ለፊት አየቻት።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለቻት። «ቁጠሪና አስገቢን።»

ማንጠግቦሽ ከአጎዛዋ ተነሣች፤ በሩን ለቀቀች። ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰችና ግንባሯን ከእንጨቱ ላይ አስደገፈች፤ ዐይኗንም ጨፈነች። የእንስራው ከርስ ትከሻዋን ታክኮ አለፈ። የአሮጊቷ በትር አለፈ። ከዚያ ትንንሽ እግሮች፣ አንዱ ሌላውን እየረገጠ፣ አለፉ፤ አለፉ፤ አለፉ። ሁሉም ካለፉ በኋላ ግቢው ውስጥ ሕፃን አለቀሰ፤ አንድ ሰው ደግሞ «ወደዚያ ጠጋ በል» ሲል ተሰማ።

«ስንት ገቡ፣ እሜቴ?» አላት ፍቅረ ሥላሴ።

«ገቡ» አለችው።